ቡገንቪሊያዬ ለምን እሾህ ብቻ ሆነች?

ጥያቄ፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ሐዋሳ ሄጄ፣ አጥር ሙሉ ያበበች ብርቱካናማ ቡገንቪሊያ አየሁ። ቅርንጫፍ ለምኜ አመጣሁና ሰሚት ባለው ግቢያችን፣ ከፎቅ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ እንጦጦ በሚያየው በኩል ከግድግዳው ሥር ተከልኳት። ጸደቀች። አሁን ቁመቷ ከአራት ሜትር በላይ ነው። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ፣ እሾኋ ጣት ያክላል። አበባ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁባትም። በየማለዳው አጠጣታለሁ። ዩሪያም ፍግም አድርጌላታለሁ። ጎረቤቴ ‹ወንድ ናት፣ አታብብም፤ ወይ ግንዷ ላይ ሚስማር ምቺባት› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ነቅዬ በፊት ለፊት በኩል ልተክላት አስቤአለሁ። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ወንድ አይደለችም። ቡገንቪሊያ ውስጥ ወንድ ተክል፣ ሴት ተክል የሚባል ነገር የለም። እንደዚያ የሚያደርገው ፓፓያ ነው፤ ጎረቤትዎ ነገሩን ከዚያ ወስደውት ይሆናል። እያንዳንዷ የቡገንቪሊያ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም ክፍል አንድ ላይ ይዛለች። ሚስማሩንም ይተዉት። የተቆሰለ ተክል አንዳንዴ ደንግጦ ማበቡ እውነት ነው፤ ግን የሚስማሩ ቀዳዳ የበሽታ በር ነው። ችግሩም ግንዱ ውስጥ አይደለም።

ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ «እሾኋ ጣት ያክላል» የሚለው ነው። ምክንያቱም በቡገንቪሊያ እሾህና የአበባ ዘለላ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ብብት ውስጥ ትንሽ እምቡጥ አለች። ሁኔታው ለአበባ ከተመቻት ዘለላ ይዛ ትወጣለች። ካልተመቻት ጫፏ ይሾላል፣ ይጠነክራል፣ እሾህ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ የእርስዎ ተክል ማበብ የማትችል መካን አይደለችም። ለአበባ የሚሆነውን ቦታ በየዓመቱ በእሾህ እየሞላችው ነው። እሾህ ሆኖ የጠነከረውን መልሶ አበባ ማድረግ አይቻልም። ከአሁን በኋላ የሚወጣውን አዲስ ቅርንጫፍ ግን ወደ አበባ መግፋት ይቻላል። ሥራችን እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት አበባ ስንል ምን እንደሆነ እንግባባ። ሐዋሳ ላይ ዓይንዎን የያዘው ብርቱካናማ ነገር አበባ አልነበረም፣ ቅጠል ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ብራክት ይባላል፤ አበባን የሚያቅፍ፣ መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው። የሙዝ አበባ ላይ ያለውን ወይን ጠጅ መሳይ ሽፋን ካዩ፣ እሱም ብራክት ነው። ቡገንቪሊያ ላይ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይቀመጣሉ። አንዱን ቆርጠው በፀሐይ ቢያዩት እንደ ማንኛውም ቅጠል ደም ሥር አለው። መሐል ላይ ደግሞ ነጣ ያለች፣ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማትበልጥ ቀጭን ቱቦ አለች። እውነተኛዋ አበባ እሷ ናት። እግሯ ከብራክቱ መሐል ደም ሥር ጋር ተጣብቋል፤ ስለዚህ በአንድ ዘለላ ሦስት ብራክት ካለ ሦስት አበባም አለ ማለት ነው። ነጯ አበባ በጥቂት ቀን ትጠወልጋለች። ብራክቱ ግን ቅጠል በመሆኑ ለሳምንታት ይቆያል። «አበባዋ የማይረግፍ» የምትባለው ለዚህ ነው። ሲደርቅም ወረቀት ይሆንና፣ ፍሬ ካለ፣ ፍሬውን ይዞ በነፋስ ይሄዳል። በየግቢው ያሉት አብዛኞቹ ግን የተዳቀሉ ስለሆኑ ዘር ብዙም አይዙም። በቅርንጫፍ የምናባዛቸውም ስለዚሁ ነው።

ቀለሟም የራሷ ነገር አለው። የጽጌረዳ ቀይና የቡገንቪሊያ ቀይ ዓይን ላይ ይመሳሰሉ እንጂ ንጥረ ነገሩ ሌላ ነው። የቡገንቪሊያው ቤታሌይን ይባላል። የት ያገኙታል ቢሉኝ፣ ጾም ሲሆን ማዕድ ላይ። ቀይ ሥር ሲልጡ እጅዎን የሚያቀላው ከዚሁ ወገን ነው። የቁልቋል በለስ ፍሬን የሚያቀላውም እንዲሁ።

የዘር ሐረጓ ደቡብ አሜሪካ ነው። ብራዚል፣ ቦሊቪያ፣ ፔሩ፣ ሰሜን አርጀንቲና ድረስ ትገኛለች። ስሟ ፈረንሳዊ የሆነው ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል የተባለ የባሕር አዛዥ ከ1766 እስከ 1769 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዓለምን ሲዞር፣ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮሜርሶን በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ስላገኛትና በአለቃው ስም ስለጠራት ነው። የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። ሴት በመርከቡ መሄድ ስለማይፈቀድላት ወንድ መስላ ነው የተሳፈረችው። ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። ሪዮ ላይ ኮሜርሶን እግሩን ታሞ ስለነበር ቅጠሉን የለቀመችው እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉም አሉ። እንግዲህ «ወንድ ናት» የሚለው ወሬ ከዚህች ተክል ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። በየግቢው የምናያቸው በዋናነት ከሦስት ዝርያዎችና ከድቅሎቻቸው የመጡ ናቸው። ግላብራ የሚባለው ቅጠሉ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ እሾሁ አጠር ያለ፣ በዓመት ደጋግሞ የሚያብብ ነው። አዲስ አበባ አጥር ላይ በብዛት የሚታየው ወይን ጠጁ የእሱ ወገን ነው። ስፔክታቢሊስ ቅጠሉ ጸጉራም፣ እሾሁ ትልቅና ጎበጥ ያለ፣ ከደረቅ ወቅት በኋላ በአንዴ የሚያፈነዳ ነው። ሦስተኛው ፔሩቪያና ነው፤ በራሱ ብዙም አይታይም። ከግላብራ ጋር ተዳቅሎ የወለደው ግን ዓለምን ሞልቶታል። በ1910 ኮሎምቢያ ውስጥ ካርታሄና ከተማ አንዲት ሚስስ በት የተባሉ ሴት ያገኙት ደማቅ ቀይ የዚህ ድቅል መነሻ ነው። ብርቱካናማዎቹና ደማቅ ቀዮቹ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። የእርስዎም ሳትሆን አትቀርም። ቆንጆ ናት፤ ግን ብርድ አትወድም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ለምን እሾህ ብቻ እንደሆነች። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቀኛል። እኔ ግን የእርስዎ ትልቁ ችግር ቦታው ነው ባይ ነኝ። «ወደ እንጦጦ በሚያየው በኩል» ብለዋል፤ ይህ ሰሜን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ስድስት ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ወደ ሰሜን አራት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ግድግዳው ሥር ያለ ተክል ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ የሚደርሳት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ደግሞ ክረምቱ ይገባና ደመና ይከድናታል። ሰማዩ ሲጠራ ጥላ፣ ጥላው ሲነሳ ደመና። ቡገንቪሊያ ለማበብ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ትፈልጋለች። በደማቅ ጥላ ውስጥ ቅጠል ታበዛለች፣ ወደ ላይ ትመዘዛለች፣ እሾህ ታበቅላለች። አራት ሜትር የደረሰችው ደስ ብሏት አይደለም፣ ፀሐይ ፍለጋ ነው።

ቀጥሎ ውሃው። በየማለዳው ማጠጣት ለቆስጣ ነው። ቡገንቪሊያ የመጣችበት አገር ረጅም ደረቅ ወቅት አለ፤ አበባዋንም የምታወጣው ውሃ ሲያጥራት ነው። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ግን ለማበብ የሚገፋት ነገር አይኖርም። ቅጠል መጨመር ብቻ ነው። ድሬዳዋና አዳማ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የሆቴል አጥር ቡገንቪሊያ እንዴት እንደዚያ ታብባለች ብለው ካሰቡ፣ መልሱ እዚያው ነው። ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

ዩሪያው ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ቅጠልና ቅርንጫፍ ያሳድጋል። ለጤፍና ለበቆሎ የሚሰጠው ለዚያ ነው። ትኩስ ፍግም ያው ነው። ጥቁር አረንጓዴው ቅጠልና ጣት የሚያክለው እሾህ የዩሪያው ፊርማ ናቸው። «ታዲያ በምትኩ ምን ልስጣት?» ይሉኛል። ለአንድ ዓመት ምንም። አንዳንዶች የከሰል አመድ ይመክራሉ። አመድ ፖታሲየም አለው፤ ግን አፈሩን ከኮምጣጣነት ያወጣዋል። ቡገንቪሊያ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የምትወደው። አመድ ሲበዛ ብረት መሳብ ያቅታትና አዳዲስ ቅጠሏ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። በዓመት አንድ እፍኝ አይጎዳም። በየሳምንቱ ምድጃ መድፋት ግን ይቅር።

ሰሚት አካባቢ ያለው አፈርም አይረዳም። ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ሥር ያፍናል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። እስካሁን መጽደቋም ጠንካራ ስለሆነች ነው።

ከፍታው ላይ ግን እኔም እርስዎም ምንም ማድረግ አንችልም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እድገቷን ያዘገየዋል፤ ውርጭ ከመታት ለጋው ጫፍ ይጠቁራል። የሐዋሳውን ዓይነት አጥር ሙሉ እሳት አዲስ አበባ ላይ በብርቱካናማዋ አገኛለሁ ብለው አይጠብቁ። ወይን ጠጁ ብርዱን ከሁሉም የተሻለ ይችላል፣ ቶሎም ያብባል። ደብረ ብርሃን ከሚኖር ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣልኝ፣ ሜዳ ላይ አይሞክሩት፣ ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ውስጥ ይያዙት እላለሁ።

ስለ ቀን ርዝመት የሚያነሱ አሉ። እውነት ነው፣ ቡገንቪሊያ ሌሊቱ ሲረዝም በተሻለ ታብባለች። ግን እኛ ጋር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ጣጣ እሱ አይደለም። አጠገቧ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የጥበቃ አምፖል ካለ ግን ያዙሩት። አውሮፓና አሜሪካ ሆናችሁ በዕቃ የያዛችሁ ግን የቀኑ ርዝመት ይመለከታችኋል። በእናንተ ረጅም የበጋ ቀን ብታርፍ አትገረሙ፤ ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው።

መንቀሉን በተመለከተ፣ እባክዎ አይንቀሏት። የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው። ከግንዱ ጋር ያለው ቁርኝት ደካማ ስለሆነ አፈሩ ሲፈርስ አብሮ ይበጠሳል። እኔ ራሴ ሥራውን ስጀምር አዳማ ላይ የስድስት ዓመት ቡገንቪሊያ ከነአፈሯ አንስቼ አሥር ሜትር ላዛውር ብዬ ነበር። አራት ሰው ተሸክሟት አፈሩ መንገድ ላይ ተፈረካከሰ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠሏን ሁሉ አራገፈች። ባለቤቱ ቡና አጠጥተው ሸኙኝ፣ ድጋሚ ግን አልጠሩኝም።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህን ነው። አሁን ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ጊዜው ምቹ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዩሪያና ፍግ ያቁሙ። ውሃውንም ያቁሙ። ቅጠሏ ከሰዓት በኋላ ጠውለግ ብሎ በማግስቱ ማለዳም ሳይነሳ ካዩ፣ ያኔ አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጧት፤ ከዚያ እንደገና ይተዉአት። ትልቅ ስለሆነች ምናልባት ለሳምንታት ምንም አትጠይቅዎትም። ውሃ ሲቀንስ ጥቂት ቅጠል ታራግፋለች፤ አይደንግጡና ወደ ባልዲው አይሩጡ።

ቅርንጫፎቿን ደግሞ ከጥላው ያውጡ። ቡገንቪሊያ እንደ ወይን ሐረግ የሚጠመጠም ክር የላትም። በእሾኋ እየተንጠላጠለች ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ ሰው ካላሰራት አትመራም። ረጃጅሞቹን በሲባጎ ላላ አድርገው ወደ ጣሪያው ጠርዝ ይምሯቸው። ለጋውን ጫፍ በጣትዎ ይቀንጥሱት፤ ከጎን አጫጭር ቅርንጫፎች ያወጣል፣ አበባም በብዛት የሚወጣው በእነዚያ አዳዲስ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ጠንከር ያለ ቆረጣ አሁን አያድርጉ፤ እሱ የነሐሴ መጨረሻ ሥራ ነው። ፀሐይ ካገኘች ጥር አካባቢ ላይ ጫፏ ላይ ቀለም ሊታይ ይችላል። ከተሳካም የምታብበው አናቷ ላይ ነው፤ ከታች ሆነው አያዩዋትም። የላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሰው ነው የሚደሰተው።

ስለዚህ ተስፋዎን ሁሉ በእሷ ላይ አያድርጉ። ሚያዝያ ላይ፣ ሌሊቱ ሲሞቅ፣ እዚያው ሰፈርዎ ውስጥ በደንብ ከምታብብ ወይን ጠጅ ቡገንቪሊያ ቅርንጫፍ ይለምኑ። ሐዋሳ ድረስ የለመኑ ሰው ጎረቤት መለመን አያቅታቸውም። የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ ለጋም ያልሆነ ያረጀም ያልሆነ ቅርንጫፍ፣ አንድ ስንዝር ርዝመት እየቆረጡ አምስት ስድስት ያዘጋጁ። አንድ ሁለቱ እንደማይጸድቁ ከወዲሁ ይቁጠሩ። ቅጠሉን አራግፈው፣ ግማሹን በወንዝ አሸዋና በቀይ አፈር ድብልቅ ውስጥ ይትከሉ። ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን። ሥር ለመስደድ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ይፈጅበታል። ቅጠል አወጣ ብለው እየነቀሉ ሥሩን ለማየት አይሞክሩ፤ ቅጠል ከሥር ይቀድማል።

ሥር ሲሰድ መሬት ላይ አይትከሉት። የ20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ይቁረጡ፣ ታቹን አራት አምስት ቦታ ይብሱ። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ትንሽ የበሰለ ኮምፖስት ሞልተው በቤቱ ፊት፣ በደቡብ በኩል ያስቀምጡት። ሥሯ ሲጨናነቅ ቡገንቪሊያ ወደ አበባ ታደላለች። ችግኝ ሻጮች ጋር በትንሽ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ያለች የክንድ ቁመት ተክል አብባ የምትታየው ለዚህ ነው። ገዝተው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ሲተክሏት አበባዋን ጥላ ለዓመት የምትጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጩ አላታለለም። ፌስታሉ ነው ያበበው ማለት ይቻላል። በጀሪካን ከተያዘች ሁለተኛው በጋ ላይ ቀለም ይጠብቁ። መረሬውንም ትገላገላለች።

ሲቆርጡና ሲያስሩ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ ዓይንዎን በመነጽር ይከልሉ። ተክሏ ከባድ መርዝ የላትም፤ ፈሳሿ ግን አንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። የሚያስፈራው እሾሁ ነው። ጫፉ ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ከቀረ ያመረቅዛል፤ የጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ለሳምንታት ሊያሳብጥ ይችላል። ከወጋዎት በሳሙና ይጠቡት፤ እብጠቱ ካልቀነሰ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎን መቼ እንደወሰዱም ይንገሯቸው። የቆረጡትን ቅርንጫፍ ግቢ ውስጥ አይጣሉ። ደርቆም ይወጋል፤ ነጠላ ጫማ የሚያደርግ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነማ ዛሬውኑ ሰብስበው ያቃጥሉት።